የውርስ ግብርን ፈርተን የሄድንበት ቢሮ፦ አያት አካባቢ ስላገኘነው የማማከር አገልግሎት

ከሲኤምሲ ተነሥቶ በአያት በኩል እስከ ለገጣፎ በሚዘልቀው የአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ግማሹ እዚህ ግማሹ ባሕር ማዶ ያልሆነ ቤተሰብ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ብዙው ቤት የተሠራው ከሜሪላንድ፣ ከሚኒሶታ ወይም ከለንደን በመጣ ገንዘብ ነው፤ ጡረታ የወጡ አባቶችና እናቶች እዚህ ይኖራሉ፣ ልጆቻቸውና ከፊሉ ንብረታቸው ደግሞ እዚያ ነው። እንዲህ ባለ ቤተሰብ ውስጥ ስለ ውርስ መነጋገር እንደ ሟርት ስለሚቆጠር ጥያቄው የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ለቅሶው ካለፈ በኋላ ነው፤ በዚያን ጊዜ ደግሞ መፈረም የሚችለው ሰው የለም። የእኛ ቤተሰብ ወላጆቻችን በሕይወትና በጤና እያሉ ጉዳዩን በባለሙያ ለማስመርመር ወስኖ፣ ከአያት አደባባይ ብዙም ሳይርቅ ወደሚገኝ፣ የሕግና የታክስ ምክር አጣምሮ ወደሚሰጥ ቢሮ ሄደ። አገልግሎቱ ከጠበቅነው በላይ ጠቅሞናል፤ በግልጽ ሊነገሩ የሚገባቸው ጉድለቶችም አሉት። ቅሬታዬንም ስለምጽፍ የቢሮውን ስም አልጠቅስም፤ ለአንባቢ የሚጠቅመው ከእንዲህ ዓይነት ቢሮ ምን መጠበቅና ምን መጠየቅ እንደሚገባ ማወቁ ይመስለኛል።

ምክሩ ትርጉም እንዲኖረው የቤተሰባችንን ሁኔታ በአጭሩ ማስረዳት ይኖርብኛል። አባቴ ለረጅም ዘመን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ የአሜሪካ ዜግነት ያላቸውና እዚህ በትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ በተለምዶ ቢጫ ካርድ በምንለው፣ የሚኖሩ ሰው ናቸው። እናቴ ኢትዮጵያዊ ዜግነታቸውን አልለወጡም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤት፣ የአባቴ የጡረታ ሂሳብ፣ አያት የምንኖርበት ቪላና ጥቂት የባንክ አክሲዮን የጋራ ሀብታቸው ነው፤ ኮተቤ ያለው አሮጌ ግቢ ግን እናቴ ከአባታቸው የወረሱት ነባር ይዞታ፣ ማለትም በሊዝ ያልተያዘ ቦታ፣ ነው። ወንድሜ ሜሪላንድ ይኖራል። ከእኛ ጋር ያደገ የአባቴ የወንድም ልጅም አለ፤ አባቴ ከልጆቻቸው ለይተው አያዩትም። የአባቴ ፍላጎት ግልጽ ነበር፦ ሁሉንም ንብረት አሁኑኑ በየስማችን አዙረው መገላገል።

ወደ ቢሮው የገቡት «አሜሪካ ሰው ሲሞት መንግሥት ከንብረቱ አርባ በመቶ ይወስዳል» የሚለውን ወሬ ይዘው ነው። ይህ ወሬ በአገር ቤትም በውጭም በሰፊው ይነገራል፤ ፍርሃቱን ተጠቅሞ ውድ ውል የሚያስፈርም ሰውም አይጠፋም። የዚህ ቢሮ የታክስ አማካሪ ግን አንዳች ነገር ከማስፈረሙ በፊት ቁጥሮቹን በወረቀት ላይ እየጻፈ አስረዳን። (የአሜሪካንና የእንግሊዝን ሕግ በሚመለከት የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የአገራችን አዋጆች ግን በራሳችን አቆጣጠር ናቸው።) አርባ በመቶ የሚባለው የፌዴራሉ የውርስ ግብር ከፍተኛ መጣኔ ሲሆን፣ የሚሠራው ከግብር ነፃ ከሆነው ወለል በላይ ባለው ሀብት ላይ ብቻ ነው። ወለሉ በ2025 ለአንድ ሰው 13.99 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ በዚያ ዓመት መጨረሻ ወደ ግማሽ ገደማ ሊወርድ ተቃርቦ ሳለ በጁላይ 2025 የጸደቀው ሕግ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 15 ሚሊዮን ዶላር አደረገው። የአሜሪካ ዜጋ የትም ይኑር የት የሚቆጠርበት የዓለም ሀብቱ ሁሉ ስለሆነ፣ አያት ሰፈር ያለው ቪላችንም በአባቴ በኩል ከሒሳቡ ውስጥ ይገባል። ይህ ሁሉ ተደምሮ ግን «ጋሼ፣ የእርስዎ ሀብት የወለሉን አንድ አሥረኛ አይደርስም፤ ለዚህ ግብር ብለው የሚያደርጉት ምንም ነገር የለም» ተባሉ። ደንበኛው ከሚፈራው ነገር ነፃ መሆኑን በመጀመሪያው ቀን የሚነግር አማካሪ ገቢውን የሚቀንስበት ነገር እየተናገረ ነውና፣ ለዚህ ቢሮ ያለኝ አክብሮት የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጥያቄ ግን ፌዴራሉን የተሻገረ ነበር። ብዙዎቻችን የማናውቀው፣ ከፌዴራሉ ሌላ አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች የራሳቸው የውርስ ግብር እንዳላቸውና ወለላቸውም እጅግ ዝቅ ያለ መሆኑን ነው። ኦሪገን ከ1 ሚሊዮን ዶላር፣ ማሳቹሴትስ ከ2 ሚሊዮን፣ ሚኒሶታ ከ3 ሚሊዮን፣ ሜሪላንድ ከ5 ሚሊዮን በላይ ባለው ላይ ያስከፍላሉ፤ ቨርጂኒያ ምንም የለውም። ከእነዚህ አንዳንዶቹ ወገኖቻችን በብዛት የሚኖሩባቸው ስለሆኑ፣ ከሜሪላንድ ወደ ቨርጂኒያ ፖቶማክ ወንዝን ተሻግሮ መኖር ብቻ ልዩነት ያመጣል ማለት ነው። ሜሪላንድ ደግሞ በአሜሪካ ለብቻዋ የምትታወቅበት ነገር አላት፤ ከሟቹ ጠቅላላ ሀብት ላይ ከሚታሰበው በተጨማሪ በወራሹ ድርሻ ላይ የሚታሰብ ሌላ ግብርም አላት። ይህኛው ለትዳር ጓደኛ፣ ለልጅ፣ ለወላጅ፣ ለወንድምና ለእኅት አይሠራም፤ ለወንድም ልጅ ግን 10 በመቶ ነው። አባቴ ከሲልቨር ስፕሪንጉ ቤት ለወንድማቸው ልጅ ድርሻ ሊሰጡት አስበው ስለነበር፣ በአባቴ ሀብት ላይ የተገኘው ብቸኛው እውነተኛ የውርስ ግብር ይህ ሆነ። መፍትሔው ቀላል ነበር፦ ሜሪላንድ ያለው ቤት ለእኔና ለወንድሜ፣ የአባቴ ወንድም ልጅ ድርሻ ደግሞ አባቴ አዲስ አበባ ካላቸው ሀብት ላይ በኑዛዜ እንዲሰጠው ማድረግ። ማንም አልተጎዳም፤ የአንድ ሰው ድርሻ አንድ አሥረኛም ከመቀነስ ዳነ።

የቢሮው ምክር ከሁሉ በላይ ዋጋ ያለው የሆነው ግን አባቴ በሕይወት እያሉ ለማዞር የነበራቸውን ዕቅድ ባስቆመበት ክፍል ነው። በአሜሪካ ሕግ አባት ቤቱን በስጦታ ለልጁ ቢያስተላልፍ፣ ልጁ ቤቱን በሚሸጥበት ጊዜ ትርፉ የሚሰላው አባትየው ከገዛበት ዋጋ ጀምሮ ነው። ቤቱ በውርስ ከተላለፈ ግን የመነሻ ዋጋው ሟቹ በሞተበት ቀን የነበረው የገበያ ዋጋ ይሆናል፤ በመካከል የጨመረው ሁሉ ከትርፍ ግብር ነፃ ይወጣል። ከብዙ ዓመታት በፊት በርካሽ ለተገዛ ቤት ይህ ልዩነት በጣም ትልቅ ነው። በሌላ አነጋገር፣ አባቴ ከማይነካቸው ግብር ለመሸሽ ሲሉ ልጆቻቸውን ለሚነካቸው ግብር ሊያጋልጧቸው ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው በዓመት እስከ 19,000 ዶላር መስጠት ሪፖርት እንኳን አይጠይቅም፤ ስለዚህ አባቴ ልጆቻቸውን በገንዘብ መርዳት ከፈለጉ ይህ በር ክፍት እንደሆነ፣ ቤቱን ግን እንዳይነኩት ተነገራቸው።

በአገራችን ሕግም ያው ምክር በሌላ ምክንያት ትክክል ሆኖ ተገኘ። ኮተቤ ያለው ግቢ ነባር ይዞታ ነው፤ በ2004 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታ ሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ንብረት ከውርስ በስተቀር በማናቸውም መንገድ ለሌላ ሰው ሲተላለፍ፣ የተላለፈለት ሰው ቦታውን በሊዝ ሥሪት እንደሚይዝ ይደነግጋል። እናቴ ግቢውን ለእኔ በስጦታ ቢያዞሩልኝ ወይም «ለስሙ ያህል» በሽያጭ ቢያስተላልፉልኝ፣ ይዞታው ወደ ሊዝ ይገባል፤ በውርስ ቢደርሰኝ ግን ነባርነቱ ይቀጥላል። በሰፈራችን ስንት ሰው ከወረዳ ወረዳ ሲንከራተት የሚኖረው ይህን አንድ አንቀጽ ሳያውቅ ለልጁ ቀድሞ በማዞሩ ምክንያት እንደሆነ ሳስብ ያሳዝነኛል። «በሕይወት እያለሁ ላዙርላችሁ» የሚለው የወላጅ ቅንነት ነው፤ ቅንነቱን ግን የሊዝ ሕጉ አይመለከተውም።

ስለ ኢትዮጵያ ግብር የተሰጠን ማብራሪያ አጭርና ግልጽ ነበር። በአገራችን የሟችን ሀብት በሞቱ ምክንያት ብቻ የሚቀንስ የውርስ ግብር የለም፤ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በውርስ የተገኘን ንብረት ከገቢ ግብር ነፃ ከሆኑት መካከል ይመድበዋል። ወራሹ በኋላ ቤቱን ሲሸጥ ግን በአዋጁ መሠረት ከሕንፃ ሽያጭ ጥቅም ላይ 15 በመቶ የሚታሰብ ግብር አለ፤ ከሽያጩ በፊት ለሁለት ዓመት ሙሉ በሙሉ ለመኖሪያነት ያገለገለ ቤት ከዚህ ነፃ ነው። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የንብረት ታክስ በየዓመቱ የሚከፈል እንጂ ከውርስ ጋር የሚገናኝ አለመሆኑንም አማካሪው ለይቶ ነግሮናል፤ ሁለቱ በሰዉ አፍ ላይ ተቀላቅለዋልና ይህን መለየቱ አስፈላጊ ነበር። እዚህ አገር ውርስን የሚበላው ግብር አይደለም። ሀብቱ የሚያልቀው በክርክር፣ በመጉላላትና ጊዜው ባለፈ ወረቀት ነው፤ ስለዚህም የቀረው ሥራ ከታክስ አማካሪው ወደ ጠበቃዋ ተላለፈ።

ጠበቃዋ ወላጆቼን ያነጋገረችበት መንገድ ሊመሰገን ይገባዋል። እናቴን «እማማ» እያለች፣ ጥያቄዋን ከሞት ሳይሆን ከልጆቻቸው ሰላም እየጀመረች፣ አንድም ጊዜ ሳትቸኩል አዋየቻቸው። ወላጆቼ በአንድ ወረቀት ላይ አብረው ሊናዘዙ አስበው ነበር፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ሁለት ሰዎች በአንድ ሰነድ ያደረጉትን ኑዛዜ ዋጋ አይሰጠውም። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ኑዛዜዎች ተዘጋጁ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ ወዲያውኑ ሁሉም ካልፈረሙበት አይጸናም፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ውል አዋዋይ ወይም ዳኛ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። በኑዛዜው የሚጠቀም ሰው በምስክርነት እንዳይቀመጥም ተመከርን፤ በሰፈራችን ልማድ ምስክር የሚሆነው የቅርብ ዘመድ ስለሆነ ይህ ማስጠንቀቂያ ቀላል አልነበረም። አባቴ ቀደም ሲል በእጃቸው የጻፉት አንድ ወረቀትም ነበራቸው። ጠበቃዋ ስታስረዳ፣ በተናዛዡ የእጅ ጽሑፍ የተደረገ ኑዛዜ ሙሉ በሙሉ በራሱ እጅ መጻፍ፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ መናገርና በእያንዳንዱ ገጽ ቀንና ፊርማ መያዝ አለበት፤ ከዚህም ሌላ በተጻፈ በሰባት ዓመት ውስጥ በውል አዋዋይ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ፈራሽ ይሆናል። ስንት አባት በሣጥን ግርጌ ያስቀመጠው ወረቀት ቤተሰቡን እንደሚጠብቅ አምኖ ይኖር ይሆን?

ከዚህ ሁሉ ወላጆቼን ያስደነገጣቸው ግን የትዳር ጓደኛ በሕግ ወራሽ አለመሆኑ ነበር። በሕጉ መሠረት ኑዛዜ ከሌለ በመጀመሪያ ደረጃ የሚወርሱት ልጆች ናቸው፣ በእኩልነት። ባል ወይም ሚስት ከጋራ ሀብቱ የራሱን ግማሽ ይወስዳል እንጂ ከሟቹ ድርሻ በሕግ አይወርስም። አያት ሰፈር ባለው ቪላ ላይ ይህ ብዙ አያስጨንቅም። የኮተቤው ግቢ ግን እናቴ ከአባታቸው የወረሱት በመሆኑ የግል ሀብታቸው ነው፤ እናቴ ሳይናዘዙ ቢያልፉ አባቴ በዚያ ግቢ ላይ አንዳች መብት አይኖራቸውም። እናቴ ይህን ሲሰሙ ለአባቴ ዕድሜ ልክ የመጠቀም መብት የሚሰጥ ቃል በኑዛዜያቸው ውስጥ እንዲገባ ወዲያውኑ ወሰኑ። ባለቤትነቱ ለልጆች፣ መጠቀሙ ለአባት ሆነ ማለት ነው። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለማስጻፍ ብቻ ለከፈልነው ክፍያ አላዘንኩም።

ጠበቃዋ፣ ተናዛዥ ልጁን ከውርስ መንቀል ከፈለገ በቂ ምክንያት መግለጽ እንዳለበት፣ በልጆች መካከል የሚደረግ ክፍፍልም እጅግ የተዛባ ከሆነ ሊከራከሩበት እንደሚችሉ አክላለች። ከሟች ሀብት አስቀድሞ የሚከፈለው የቀብር ወጪ፣ ከዚያ የማጣራቱ ወጪ፣ ከዚያ ዕዳው፣ ቀጥሎ የቀለብ ዕዳ፣ በመጨረሻም በኑዛዜ ለተለዩ ሰዎች የተሰጠው ስጦታ ነው፤ ይህን ቅደም ተከተል ማወቃችን ለዕድር፣ ለተዝካርና ለመሳሰለው ወጪ ከማን ኪስ ይውጣ የሚለውን የወደፊት ጭቅጭቅ ከወዲሁ አቃልሎልናል። ሜሪላንድ ላለው ቤት ደግሞ እዚያው በአሜሪካ ጠበቃ የሚዘጋጅ ለብቻው የሆነ ኑዛዜ እንዲኖርና አንዱ ሌላውን የሚሽር ቃል እንዳይገባበት አስጠንቅቃናለች።

ስለ ውክልና የተነገረን ነገር የብዙ ቤተሰብ ችግር ስለሆነ ልጨምረው። ወንድሜ ከአባቴ በተሰጠው ውክልና የሜሪላንዱን ቤት ያስተዳድራል፤ እኔም እዚህ በውክልና እሠራለሁ። ውክልና ግን ወካዩ ሲሞት ያበቃል። በሟች ውክልና ከባንክ ገንዘብ ማውጣት ወይም ቤት መሸጥ ነገ የሚፈርስ ሥራ ነው፤ ወራሾችንም ለክስ ያጋልጣል። በውርሱ ጊዜ ወንድሜ ለእኔ የሚሰጠው አዲስ ውክልና ዋሽንግተን በሚገኘው ኤምባሲያችን ተረጋግጦ፣ እዚህ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ማለፍ ስለሚኖርበት፣ የረቂቁ ቃል ከወዲሁ ተዘጋጅቶ ተሰጠን።

አሁን ወደ አጎቴ ልምጣ፤ የቢሮው ችሎታ በእውነት የተፈተነው በእሳቸው ጉዳይ ነው። አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ለገጣፎ የሚኖሩ ኢትዮጵያዊ ዜጋ ናቸው። በወጣትነታቸው አሜሪካ ሠርተው ግሪን ካርዳቸውን መልሰው ተመለሱ፤ በዚያን ጊዜ የገዙት የአሜሪካ ኩባንያዎች አክሲዮን ግን እዚያው ቀርቷል። አብረውን የመጡት ለአጃቢነት ነበር። አባቴ ነፃ መሆናቸው ሲነገራቸው አጎቴም በእፎይታ ተነሡ፤ አማካሪው ግን እንዲቀመጡ ለመናቸው። 15 ሚሊዮን ዶላሩ የሚሠራው ለአሜሪካ ዜጎችና ቋሚ ኑሯቸውን እዚያ ላደረጉ ሰዎች ነው። ዜጋ ላልሆነና በውጭ ለሚኖር ሰው በአሜሪካ ውስጥ ላለው ሀብቱ የተተወለት ወለል 60,000 ዶላር ብቻ ነው፤ የአሜሪካ ኩባንያ አክሲዮን ደግሞ፣ ባለቤቱ ለገጣፎ ቢቀመጥም፣ በአሜሪካ እንዳለ ሀብት ይቆጠራል። አማካሪው በምሳሌ አሰላልን፦ እንዲህ ያለ ሰው የ200,000 ዶላር አክሲዮን ትቶ ቢሞት፣ ሌሎች ተቀናሾች ከሌሉ፣ ግብሩ 41,800 ዶላር ይሆናል። ወራሾቹ በዘጠኝ ወር ውስጥ ማስታወቂያ ማቅረብ አለባቸው፤ አክሲዮኑን የሚያስተዳድረው ድርጅትም ከአሜሪካ ግብር ባለሥልጣን የማስተላለፊያ ማረጋገጫ ሳያይ ለወራሾቹ አይለቅም። ብዙ ሚሊዮን ከአለው አሜሪካዊ ይልቅ ጥቂት ቁጠባ ያለው የለገጣፎ ጡረተኛ ግብር የሚከፍልበት ሁኔታ ፍትሐዊ አይመስለኝም፤ ሕጉ ግን ይኸው ነው፣ በኢትዮጵያና በአሜሪካ መካከልም ይህን የሚያለዝብ የውርስ ግብር ስምምነት የለም።

የሚያስደስተው፣ ለአጎቴ ሕጋዊ መውጫው በሕይወት ሳሉ ክፍት መሆኑ ነው። ዜጋ ያልሆነና እዚያ የማይኖር ሰው አክሲዮንን በስጦታ ቢያስተላልፍ የአሜሪካ የስጦታ ግብር አይነካውም፤ መሬትና ቤት ቢሆን ግን ይነካዋል። አክሲዮኑን ሸጦ ገንዘቡን በአሜሪካ ባንክ ተራ ሂሳብ ቢያስቀምጠውም፣ የባንክ ተቀማጩ ለዚህ ግብር አይቆጠርም። እንግዲህ አባቴ እንዲታገሡ፣ አጎቴ ግን እንዲፈጥኑ ተመከሩ፤ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ለተቀመጡ ሁለት ዘመዳሞች ተቃራኒ ምክር መስጠት የሚችለው ጉዳዩን በትክክል የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ሰፈር ውስጥ «እገሌ እንዲህ አድርጎ ዳነ» እየተባለ የሚወራው ምክር አደገኛ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው። አማካሪው አጎቴን ሳይሸፋፍን የነገራቸው ሌላም ነገር አለ፦ በኢትዮጵያ ነዋሪ የሆነ ሰው በውጭ የሚያገኘውን ገቢ እዚህ የማሳወቅ ግዴታ አለበትና፣ የትርፍ ድርሻቸውን ጉዳይም አብረው እንዲያስተካክሉ።

ለወንድሜ የተሰጠው ምክር አጭር ቢሆንም ብዙ ገንዘብ የሚያድን ነው። በአሜሪካ የሚኖር ግብር ከፋይ አሜሪካዊ ካልሆነ ሰው፣ ለምሳሌ ከእናቴ፣ በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ ዋጋ ያለው ስጦታ ወይም ውርስ ሲደርሰው ግብር አይከፍልበትም፤ በቅጽ 3520 ማሳወቅ ግን አለበት። ካላሳወቀ ቅጣቱ በየወሩ 5 በመቶ እየጨመረ እስከ 25 በመቶ ይደርሳል። የኮተቤ ግቢ ዛሬ ምን ያህል እንደሚያወጣ ለሚያውቅ ሰው ይህ መጠን ሩቅ አይደለም። አባቴም በአዲስ አበባ ባንኮች ያላቸው ተቀማጭ በዓመቱ ውስጥ በማናቸውም ጊዜ ተደምሮ ከ10,000 ዶላር ካለፈ ለአሜሪካ መንግሥት ማሳወቅ እንዳለባቸው ተነግሯቸዋል።

እንግሊዝ ዘመድ ያላችሁ አንባቢዎች ይህ ቢሮ በዚያ በኩል ያለው ዕውቀት አጠቃላይ ብቻ መሆኑን ልብ ብትሉ ጥሩ ነው። የእንግሊዝ ወለል 325,000 ፓውንድ፣ መጣኔው 40 በመቶ እንደሆነና ሰጪው ስጦታውን ከሰጠ በኋላ ሰባት ዓመት ከኖረ ስጦታው ከሒሳቡ እንደሚወጣ ነገሩን፤ ከዚያ በላይ ለሚጠይቅ ሰው ግን ወደ እንግሊዝ ባለሙያ ይመራሉ። ይህን ራሳቸው መናገራቸው ጥሩ ነው።

ወደ ጉድለቶቹ ስመጣ፣ የመጀመሪያው የጽሑፍ ሪፖርታቸው ነው። በቃል ያን ያህል ጥርት ባለ አማርኛ ያስረዱን ሰዎች በጽሑፍ የሰጡን ሪፖርት የአሜሪካው ክፍል ሙሉ በሙሉ በእንግሊዝኛ ነበር። እናቴ የሚፈርሙበትን ውሳኔ መሠረት ራሳቸው ማንበብ ይገባቸዋል፤ የአማርኛውን ቅጂ ያገኘነው ደጋግመን ከጠየቅን በኋላ ነው፣ ያም ቢሆን ከመጀመሪያው ያጠረ ነበር። ሁለተኛው፣ ለገጣፎ ላይ ያላቸው ድክመት ነው። የአጎቴ ቤት የሚገኘው በኦሮሚያ ክልል በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር በመሆኑ የይዞታ ጉዳዩ የሚታየው በአዲስ አበባ ክፍለ ከተማ አይደለም። ደንበኞቹ ግማሾቹ ከድንበሩ ማዶ ለሆኑ ቢሮ ይህን ጉዳይ የሚከታተል ሰው አለመመደቡ አይገባኝም፤ አጎቴ ለቀላል ማረጋገጫ ለረጅም ጊዜ ተጉላልተዋል። ቀጠሮ አከባበራቸውም የተደባለቀ ነው፤ ጠበቃዋ ሰዓቷን ታከብራለች፣ የሰነድ ሠራተኞቹ ግን ያዘገያሉ። ቢሮው ፎቅ ላይ ሆኖ ሊፍት የሌለው መሆኑም በዋናነት አረጋውያንን ለሚያገለግል ድርጅት ከባድ ጉድለት ነው። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አባት በየቀጠሮው ያን ደረጃ መውጣት አይገባቸውም ነበር፤ በመጨረሻ ጠበቃዋ ራሷ ቤታችን መጥታ ማነጋገሯን ግን አመሰግናለሁ።

ክፍያቸው ከመሀል ከተማ ቢሮዎች የረከሰ አይደለም። ነገር ግን የእያንዳንዱ ሥራ ዋጋ አስቀድሞ በጽሑፍ ይሰጣል፣ የመጀመሪያው ውይይትም ለብቻው ስለሚከፈል የቀረውን ሥራ ሳይቀጥሉ መውጣት ይቻላል። ከንብረቱ ዋጋ ላይ በመቶኛ አይጠይቁም፤ በመቶኛ የሚጠይቅ አማካሪ ካጋጠማችሁ ጉዳዩን ቆም ብላችሁ ብታዩት ይሻላል። የአሜሪካን ኑዛዜ እኛ እንጽፍላችሁ አላሉም፤ በሜሪላንድ ፈቃድ ካለው ጠበቃ ጋር አገናኝተውን ሥራውን ለእሱ ተዉለት። የጠበቃዋን የጥብቅና ፈቃድ ለማየት ስጠይቅም ያለ ቅሬታ አሳይታኛለች፣ ማንም ደንበኛ ይህን ለመጠየቅ ሊያፍር አይገባውም።

መሄድ የሚፈልግ ሰው የይዞታ ካርታውን፣ የጋብቻ ማስረጃውን፣ የልጆቹን የልደት ማስረጃ፣ ቀድሞ የተሰጡ ውክልናዎችንና ውጭ አገር ያለውን ሂሳብ የሚያሳይ የቅርብ ጊዜ መግለጫ ይዞ ቢሄድ የመጀመሪያው ውይይት ሙሉ ጥቅም ይሰጠዋል። ሀብቱም ወራሾቹም ሁሉ እዚሁ አገር ውስጥ ለሆኑለት፣ አንድ ቤት ብቻ ላለውና በልጆቹ መካከል ጠብ ለማይፈራ ሰው ግን ይህን ያህል ገንዘብ እንዲያወጣ አልመክርም፤ ኑዛዜውን በአንድ ጠበቃ አስጽፎ ወደ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ቢሄድ ይበቃዋል።